ፎርሙ ኦንላይን ነው፣ ፊርማው ግን ቢሮ

ባለፈው ክረምት የአጎቴ ልጅ ከሸነን ደወለልኝ። ሸነንን ለማታውቁ፣ ከአምቦ ወደ ደቡብ ምዕራብ ገባ ብላ የምትገኝ የጅባት ወረዳ ከተማ ናት። ልጁ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሥራ ሲፈልግ ቆይቶ በመጨረሻ ለእሱ የተጻፈ የሚመስል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ አገኘ። የትምህርት መስኩ ያው፣ ውጤቱ ከተጠየቀው በላይ፣ የሥራ ልምድ ደግሞ "ዜሮ ዓመት"። (በዚህ አገር "ዜሮ ዓመት" የሚል ማስታወቂያ ማግኘት ራሱ ግማሽ መቀጠር ነው።) የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ለቀጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲልክለት። ማስታወቂያው ሊዘጋ አምስት ቀን ቀርቶታል።

"ጋሼ አታስብ፣ ኦንላይን ሆኗል አሉ" አለኝ። እኔም አላሰብኩም። ማታ ላይ ስክሪንሾት ላከልኝ። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀውን ፎርም ሞልቶ፣ ፎቶውን ጭኖ፣ መላኪያውን ሲነካ የመጣለት መልስ ባጭሩ ይህ ነበር፤ ፎርሙን አትመው፣ በሚመለከታቸው ክፍሎች አስፈርመው፣ በአካል ይቅረቡ።

"በአካል" የምትለዋ ቃል ቀላል ትመስላለች። ልጁ ግን እንደ ብዙዎቻችሁ የተመደበው ከቤቱ ርቆ ነበር። ከሸነን አምቦ፣ ከአምቦ አዲስ አበባ፣ እዚያ አድሮ ደግሞ ሌሊት ተነስቶ የሚያዝ አገር አቋራጭ አውቶቡስ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለውን ታሪክ ስንቶቻችሁ በየራሳችሁ ግቢ ስም እያነበባችሁት እንደሆነ ስለምገምት መጥራቱም አያስፈልግም።

ሄደ። በመጀመሪያው ቀን "ሲስተም የለም" ተባለ። በሁለተኛው ቀን ሲስተሙ መጣ፣ የሚፈርሙት ሰውዬ ግን ስልጠና ላይ ናቸው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሠንጠረዥ ነው፤ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ የሚወስደው ጊዜ፣ የሚጠበቅ ቅድመ ሁኔታ። ትራንስክሪፕት ከሚለው ትይዩ "30 ደቂቃ" ይላል። ልጁ ከፎቶው ሥር አንድም ቃል አልጻፈም፣ የሚስቅ ፊት ብቻ። ትራንስክሪፕቱ ተፈርሞ፣ ማህተም ተመቶበት፣ በፖስታ የታሸገው ማስታወቂያው በተዘጋ ማግስት ነው።

ነገሩ የአንድ ግቢ ወይም የአንድ ሠራተኛ ስንፍና ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። የምጽፈው ይህ ሁሉ የሆነው ስለ ፈጠራና ስለ ዲጂታል ሽግግር በሚወራበት፣ ስትራቴጂ በተትረፈረፈበት ዘመን ስለሆነ ነው።

እስቲ ወደኋላ ሄደን እንያቸው። መጀመሪያ ቢፒአር መጣ፤ የሥራ ሂደትን ከሥር መሠረቱ መለወጥ ተባለ። ቢኤስሲ ተከተለ፣ ከዚያ ካይዘን፣ በመሀል የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስት። በ2004 ዓ.ም. የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ወጣ፤ ትኩረቱ የውጭ ቴክኖሎጂን መርጦ ማስገባት፣ መማርና ማላመድ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲዎችም የዚህ ሥራ ሞተር እንዲሆኑ ታሰበ። ሰኔ 2012 ላይ "ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025" ጸደቀ። እያንዳንዱ በየግቢው አንድ ነገር ጥሎ አልፏል። ቢፒአር ግድግዳ አፍርሶ መስታወት አስገባ። ቢኤስሲ የሚሞላ ፎርም ጨመረ። ካይዘን ወለል ላይ ቢጫ መስመር አሰመረ፣ መደርደሪያ ላይ ምልክት ለጠፈ። ዲጂታሉ ደግሞ ዌብሳይትና ፖርታል አመጣ። በዚህ ሁሉ መሀል ጉዳዩ ሳይነሳ የታለፈ አንድ ጥያቄ አለ፤ ቆይ፣ ይህ ወረቀት አምስት ፊርማ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

ክሊራንስን አስቡት። በግቢ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ላይብረሪ ይፈርማል፣ ፕሮክተር ይፈርማል፣ ካፌ ይፈርማል፣ ስፖርት ክፍል ይፈርማል፣ ላብራቶሪ ይፈርማል፣ ዲፓርትመንት ይፈርማል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ "ይህ ልጅ ዕዳ የለበትም"። ሕይወቱን ሙሉ ኳስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ የስፖርት ክፍሉን ኃላፊ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይዞራል፣ ኳስ እንዳልወሰደ ለማረጋገጥ። ዕዳ ያለበትን ሰው የሚያውቀው ያበደረው ክፍል ነው። ያበደረው ክፍል ዝርዝሩን ይዞ "እነዚህ አሉብኝ" ቢል የቀረው ሁሉ ነጻ ነው፣ ማንም መዞር የለበትም። እኛ ግን በተቃራኒው፣ የሌለበትን ሁሉ "የለብኝም" እያሰኘን እናዞራለን። ይህን አሠራር ኮምፒውተር ላይ ብትጭነው የምታገኘው ኮምፒውተር ላይ ያለ ዙረት ነው።

ለዚህ ነው "ኢኖቬሽን" የሚባለው ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቦታው የተሳሳተ የሚመስለኝ። አንድ ግቢ ውስጥ የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን አይቻለሁ። ተማሪዎች የሠሩት በስልክ የሚታዘዝ የመስኖ ቧንቧ ነበር፣ ድምፅ ሰምቶ መብራት የሚያበራ ሳጥን ነበር፣ ደስ ይላል፣ ልጆቹም ጎበዞች ናቸው። ከድንኳኑ አርባ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ሬጅስትራሩ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ሰልፉን እንደ ችግር አይቶ "ይህንን ፍቱ" ብሎ ለእነዚያ ልጆች የሰጠ ሰው የለም። ፈጠራ ማለት የሚታይ ዕቃ ነው፣ ሪባን የሚቆረጥለት ነው፣ ፎቶ የሚነሳ ነው። የአንድ ፊርማ መቅረት ፎቶ የለውም።

አሁን ደግሞ ፍትሐዊ ልሁን፤ ሲፈለግ ይቻላል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ 150,184 ተፈታኝ በኮምፒውተር ነው የተፈተነው። ያለፈው 61,054 ነው፣ 40.65 በመቶ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተፈተኑት 62.37 በመቶው አልፈዋል። ስለ ውጤቱ ብዙ ተብሏል፣ እዚያ አልገባም። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። በየግቢው ላብራቶሪ ውስጥ ያን ሁሉ ሰው በጥቂት ቀናት ፈትኖ፣ አርሞ፣ ውጤቱን ለየግሉ ማሳወቅ ተቻለ። የ12ኛ ክፍል ውጤትም እንዲሁ። እኔ በተፈተንኩበት ዘመን ውጤት ለማየት ትምህርት ቤት ተሂዶ፣ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ በጣት ስም እየተፈለገ ነው። ዛሬ ጊደር እየጠበቀ ያለ ልጅ ቴሌግራም ቦት ላይ ወይም በ6284 አጭር መልእክት ቁጥሩን ልኮ ያውቃል። ማንም ፊርማ አልጠየቀውም። በአካል ቅረብም አላለውም።

ታዲያ ያው መንግሥት፣ ያው ኔትወርክ፣ ብዙ ጊዜም ያው የኮምፒውተር ክፍል፣ 150 ሺህ ሰው ፈትኖ የአንድ ልጅ ትራንስክሪፕት በአምስት ቀን ማድረስ የሚያቅተው ለምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ፈተናው ቀን ነበረው፣ ባለቤት ነበረው። ቢበላሽ ማታ ዜና ይሆናል፣ ሚኒስትር ይጠየቃል። የትራንስክሪፕት መዘግየት ግን ዜና አይሆንም። የአንድ ልጅ የአውቶቡስ ትኬት ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ክፍተት ማን እየሞላው እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ምናልባትም ከሚሞሉት አንዱ እናንተ ናችሁ። የየትኛውንም ዩኒቨርሲቲ በር ወጣ ብላችሁ እዩ። ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ከዩኒቨርሲቲው ቢሮዎች በፊት ይከፈታሉ፣ ከነሱ በኋላ ይዘጋሉ። ፎርሙ አላቸው። የትኛው ፎርም እንደተቀየረ ያውቃሉ። ፎቶው ስንት በስንት መሆን እንዳለበት ያውቃሉ። "ዛሬ አትሂድ፣ ሰውዬው የለም" ብለው ይመክራሉ። ፍሬሽ ተማሪ ኦንላይን ምዝገባ የሚመዘገበው እዚያ ነው፣ ለባለቤቱ ትንሽ ብር ከፍሎ፣ ኢሜይል አስከፍቶ። የኢሜይሉ የይለፍ ቃል ያለው ባለ ኮፒ ቤቱ ደብተር ላይ ነው። (ይህን ስትሰሙ የሳቃችሁ፣ የእናንተም እዚያ ሊኖር ይችላል፤ ቀይሩት።)

ግቢ ውስጥ ደግሞ ሬፑ አለ። የክፍል ተጠሪው የቴሌግራም ግሩፕ የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እውነተኛው ዌብሳይት ነው። የፈተና ፕሮግራም እዚያ ነው፣ የዶርም ምደባ ፒዲኤፍ እዚያ ነው፣ ክፍል ተቀይሯል የሚለው እዚያ ነው፣ "ዛሬ ቴምፖራሪ እየሰጡ ነው፣ ድረሱ" የሚለውም እዚያ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው የ20 ዓመት ልጅ ደመወዝ የለውም፣ የሞባይል ዳታውንም ራሱ ነው የሚገዛው። ሬፑ ስልኩ የተበላሸበት ሳምንት ክፍሉ ሁሉ ይደነቁራል። እኔ ስትራቴጂ ጸሐፊ ብሆን መጀመሪያ የማነጋግረው አማካሪ ድርጅት ሳይሆን አንድ ባለ ኮፒ ቤትና አንድ ሬፕ ነው። ተማሪው የት እንደሚቸገር በትክክል ያውቃሉ፤ የአንዱ ገቢ የሌላው ድካም የመጣው ከዚያው ችግር ነውና።

ከቢሮው መስኮት ወዲያ ያለውንም ሰው እንስማው። ሬጅስትራር የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። እሱ እንደሚለው ኦንላይን መጣ ማለት ሥራ ቀነሰ ማለት አይደለም፣ ሥራ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ሲስተሙ ላይ ይመዘግባል፣ ከዚያ ያንኑ መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው ወረቀቱን ስለሆነ። የቆዩ ተመራቂዎች ፋይል ካርቶን ውስጥ ነው ያለው። ሲስተሙን የሠራው መምህር ለትምህርት ውጭ ከሄደ ወይም ከለቀቀ የሚያስተካክለው የለም። ፊርማን በተመለከተ ያለኝም አሳማኝ ነው፤ ነገ የሐሰት ማስረጃ ከኔ ቢሮ ወጣ ቢባል የምጠየቀው እኔ እንጂ ሲስተሙ አይደለም።

የሐሰት ማስረጃ ጉዳይ ቀልድ አይደለም። መንግሥት በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኞቹን የትምህርት ማስረጃ እስከ ማጣራት ደርሷል፣ በሐሰተኛ ዲግሪ ደመወዝ ሲበሉ የተገኙም አሉ። ግን ልብ በሉ፤ እነዚያ ሐሰተኛ ወረቀቶች ሁሉ ፊርማና ማህተም ነበራቸው። ማህተም ማስቀረጽ በዚህ አገር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሚከብደው ዩኒቨርሲቲው የያዘው ዳታ ውስጥ ገብቶ ያልተማረን ሰው መጻፍ ነው። ህንዶች በ2015 እ.ኤ.አ. ዲጂሎከር የሚባል ሥርዓት ጀመሩ፤ የትምህርት ማስረጃ ከሰጪው ተቋም በቀጥታ ወደ ዜጋው የስልክ ካዝና ይገባል፣ ቀጣሪው ከምንጩ ያረጋግጣል፣ በሕግም ከወረቀቱ እኩል ይታያል። እነሱ ጋ የቴክኖሎጂውን ያህል የሠራው ሕጉ ነው፤ ፈራሚው "እኔ ልጠየቅ ነው" ብሎ እንዳይሰጋ ኃላፊነቱ ከእጅ ጽሕፈት ወደ መዝገቡ ተዛወረ። ጓደኛዬ የሚያስፈልገው አዲስ ላፕቶፕ ብቻ አይደለም፤ "ወረቀቱን ተው" የሚል ደብዳቤም ያስፈልገዋል።

ወጪ መጋራትም እዚሁ ላይ ይነሳል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወጪውን ከተመረቀ በኋላ እንዲከፍል ውል ይፈርማል፤ ኦሪጅናሉን ለማውጣት መክፈሉን ወይም እየከፈለ መሆኑን ማሳየት አለበት። ዕዳው ይከፈል፣ ምንም ክርክር የለኝም። ቴሌብር ከመጣበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘብ ከሸነን ወደ ፈለግከው ቦታ በሰከንድ ይሄዳል። የመክፈልህ ወሬ ግን በሰከንድ አይሄድም፤ ከገቢዎች ደብዳቤ፣ ከአሠሪ ደብዳቤ፣ ከዚያ ደብዳቤውን ይዞ መሄድ። ገንዘቡ በስልክ፣ ደረሰኙ በእግር።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። አምቦ ዩኒቨርሲቲ በ1939 ዓ.ም. በግብርና ትምህርት ቤትነት የተጀመረ ነው፤ ከአገሪቱ ቀደምት የትምህርት ተቋማት አንዱ ሲሆን ዩኒቨርሲቲ የሆነው ግን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬ ከዋናው ግቢ ሌላ አዋሮ አለ፣ ጉደር ላይ የማሞ መዘምር ግቢ አለ፣ ወሊሶም አለ። ጉደር 12 ኪሎ ሜትር ስለሆነች በባጃጅም በታክሲም ትደረሳለች። ወሊሶ ግን በወንጪ በኩል ተራራ ወጥቶ ተራራ መውረድ ነው፣ ዞኑም ሌላ ነው። አራት ቦታ ለተቀመጠ ተቋም መረጃው በሽቦ ካልሄደ በመኪና መሄዱ ነው። ትልልቆቹ ከተሞች "ቢሮው እኮ ታክሲ ሁለት ፌርማታ ነው" ሊሉ ይችላሉ። ምዕራብ ሸዋ ላይ ርቀት ሌላ ትርጉም አለው። ከጌዶ፣ ከባኮ፣ ከጀልዱ የሚነሳ ሰው ትኬት ከመጠየቁ በፊት "መንገዱ እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ምን ለማለት እንደፈለገ የአካባቢው ሰው ይገባዋል። ባለፉት ዓመታት እናቶች ልጆቻቸው ለአንድ ፊርማ ሲወጡ እስኪመለሱ እንቅልፍ ያጡበት ጊዜ ነበር። እና "በአካል ይቅረቡ" ብሎ መጻፍ እዚህ የጊዜና የብር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሰርቪሱን ስልክ ላይ ብቻ መስቀልም መፍትሔ አይሆንም፤ ይህንንም አምቦ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኦንላይን ቀጥሉ ተባሉ፣ የመጀመሪያ ዲግሪዎቹ ወደየቤታቸው ተሸኙ። ሰኔ 22 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፣ ቀብሩም በትውልድ ከተማው በአምቦ ሆነ፤ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። ግቢውም ዝግ፣ ኔቱም ዝግ። ከዚያ በኋላ "ሁሉ ነገር ኦንላይን ነው" የሚል ዕቅድ ሳነብ እጄ የሚሄደው ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ኦንላይኑ ሲጠፋስ? በአጭር መልእክት ይሠራል? በቅርብ የሚኬድበት ቢሮ አለ?

ዋናው ሐሳቤ ያለው እዚህ ጋ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ። ከየወረዳው ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች በተመደበላቸው ግቢ ገቡ፣ አደሩ፣ ተፈተኑ። ለዚያ ጉዳይ ዩኒቨርሲቲዎቹ የራሳቸውን ተማሪ ብቻ የሚያስተናግዱ ደሴቶች አልነበሩም፤ አገሪቱ ሁሉ የምትጠቀምባቸው ቅርንጫፎች ሆኑ። ለፈተና የሆነው ለማስረጃ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። የሸነኑ ልጅ የተማረው የትም ይሁን የት፣ አምቦ ላይ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ፋይዳውን አሳይቶ "እኔ ነኝ" ማለት ቢችል፣ የአምቦው ሬጅስትራር ማንነቱን አረጋግጦ ለሌላው ሬጅስትራር ቢያሳውቅ፣ "በአካል" የሚለው ግዴታ በግማሽ ቀን ያልቃል። ሐረር የተመረቀ የጊንጪ ልጅ አምቦ ይስተናገዳል፣ አምቦ የተመረቀች የድሬዳዋ ልጅ እዚያው ድሬዳዋ ትስተናገዳለች። ይህ አዲስ ሕንጻ አይፈልግም። ባንኮች ይህንን ከጀመሩት ስንት ዓመታቸው ነው? አምቦ ሂሳብ ከፍተህ ጎንደር ስታወጣ "የከፈትክበት ቅርንጫፍ ሄደህ አስፈርም" የሚልህ የለም።

በጋራ መሥራት እንደሚቻል ምልክቱም አለ። በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ የተጀመረው ኢሺ የሚባለው የኢለርኒንግ ፕሮግራም 50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችንና ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎችን በአንድ መድረክ ለመድረስ ያለመ ነው። ትምህርቱን በጋራ ለማድረስ ካሰብን የትምህርቱን ማስረጃ በጋራ ማድረስ ከዚያ ይቀላል እንጂ አይከብድም። አንድ የቪዲዮ ትምህርት ለመሥራት ስቱዲዮ፣ ባለሙያ፣ ወራት ይፈልጋል። ትራንስክሪፕት አንድ ገጽ ነው።

የሚያሳስበኝ መጪው ጊዜ ነው። የዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝነት አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ወጥቷል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚ ሆኗል፣ ሌሎቹም በየተራ ይመጣሉ። ራስ ገዝ የሆነ ግቢ የራሱን ሲስተም ይገዛል፣ የራሱን ክፍያ ይተምናል። ጥሩ የሚሠራም ይኖራል። ግን አሁኑኑ አንድ የጋራ ቋንቋ ካልተበጀ እያንዳንዱ የየራሱን በር የሚያጥር ሃምሳ ሲስተም ይኖረናል፣ ተመራቂውም ከሃምሳ ሲስተም ጋር ይታገላል። ትምህርት ሚኒስቴር ከዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ጋር በቁልፍ አፈጻጸም አመላካቾች ላይ ውል መፈራረም ጀምሯል። በዚያ ውል ውስጥ አንዲት መስመር ብትገባ እመኛለሁ፤ ተመራቂ ማስረጃ ከጠየቀበት ቀን እስከ ተቀበለበት ቀን ስንት ቀን ፈጀ? በየወሩ በር ላይ ይለጠፍ። ግድግዳው ላይ ያለው 30 ደቂቃ ቃል ኪዳን ነው፤ እኔ የምለው የሆነው ይጻፍ። አንዱ ግቢ 2 ቀን፣ አንዱ 19 ቀን ብሎ ሲለጥፍ ፕሬዚዳንቱ በ19 ቀኑ አጠገብ በየጠዋቱ ሲያልፍ ምን እንደሚሰማው ማየት እፈልጋለሁ።

እስከዚያው እናንተስ? ገና ግቢ ውስጥ ያላችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ስቱደንት ኮፒያችሁን በየሴሚስተሩ አውጡ፣ የስም አጻጻፋችሁን ከፋይዳችሁ ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል ተሳስቶ የተመለሰ ስንት ሰው አውቃለሁ መሰላችሁ። የክሊራንስ ወረቀታችሁን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። በአካል መሄድ የማትችሉ ደግሞ ውክልና የሚባል ነገር አለ፤ እዚያ ከተማ የሚኖር ጓደኛ ሰነዶች ማረጋገጫ በተሰጠ ውክልና ሊጨርስላችሁ ይችላል፣ ዩኒቨርሲቲው መቀበሉን ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ይህንን ስመክር አፍራለሁ፤ የምመክራችሁ እንደ ባለ ኮፒ ቤቱ ሆኜ ነውና።

የአጎቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወለ። ሌላ ማስታወቂያ ወጥቷል፣ አሁንም ዜሮ ዓመት። የፊተኛው ትራንስክሪፕት ታሽጎ ለፊተኛው ቀጣሪ ስለሄደ ለዚህኛው አዲስ ያስፈልገዋል። ሊዘጋ ስምንት ቀን አለው።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ፎርሙን ልሙላ ወይስ ትኬት ልቁረጥ?"

"ትኬቱን ቁረጥ" አልኩት። "ፎርሙን አውቶቡስ ላይ ትሞላዋለህ።"